የያንያን ልክ

ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጆቪ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ደግማ ሞከረች፤ ነጩ ቀሚስ ግን ወይ ፍንክች አለ። እናቷ ስልኩ ውስጥ ሆና እየጠበቀች ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ ቆሟል። ጆቪ የተከፈተውን የቀሚሱን ጀርባ በግራ እጇ ጨምድዳ ይዛ ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች።

«ልክክ አለብሽ አይደል?» አለች እናቷ።

«ልክክ ብሏል እማ።»

«አላልኩሽም? ያንያን ላይ ለክቼ ነው የገዛሁት። ከሷ ትንሽ ትበልጣለች ብዬ አንድ ቁጥር ጨመርኩበት።»

ያንያን የጆቪ እናት ሆንግ ኮንግ ውስጥ የምታሳድጋት የአሠሪዎቿ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጆቪ ደግሞ አሥራ አምስት ሞልቷታል። እናቷ የያንያንን የደንብ ልብስ በየቀኑ ስለምትተኩስ የትከሻዋን ስፋትና የእጅጌዋን ርዝመት ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች። የራሷን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት ግን ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ለሁለት ሳምንት ጆቪ ወዳለችበት ወደ ባጊዮ ከተማ መጥታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የደረሰው ዕረፍቷ በገንዘብ ተለወጠና ጆቪ የምትኖርበት የአክስቷ ቤት ጣሪያ ታደሰበት። ጣሪያው አሁን አያፈስም፤ በዚህ ማንም አያማርርም።

እናቷ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ካርቶን በመርከብ ትልካለች። ሳሙና፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቸኮላት፣ የአክስቷ የወገብ ቅባት ይመጣል። ከሁሉም ሥር ለጆቪ የተገዛ ልብስ አለ። ልብሱ የጆቪ ነው፤ ልኩ ግን የያንያን ነው።

አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግራ ነበር። የመጣው ጫማ ነበር፤ ጠበበኝ አለች። እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ሰንብታ ፊቷ አብጦ ሥራ ስትገባ እመቤቲቱ ተቆጣቻት። ይህን የሰማችው አክስቷ ኤስትሬላ ጆቪን ኩሽና ውስጥ አስቁማ፣ ከእንግዲህ የመጣውን ሁሉ ልክ ነው በይ፣ የቀረውን እኛ እንወጣዋለን አለቻት። ጆቪም ልክ ነው ማለት ጀመረች። የቀረውን የተወጣችው ግን ለብቻዋ ነው።

ልብስ ስፌት የተማረችው በዚሁ ሰበብ ነው። እናቷ ትታው የሄደችው ባለ ፔዳል የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ፣ የጠበበውን ልብስ በጎንና በጎኑ እየተረተረች፣ ከሰልባጅ ተራ የገዛችውን ጨርቅ ታስገባበታለች። መጀመሪያ ላይ ሥራዋ የሚያስቅ ነበር፤ አንዱን እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ሙሉ ቀን እንደዚያው ለብሳው ውላለች። እየቆየ ግን እጇ ተፍታታ። የጠበበ ሰማያዊ ሹራብ በአሮጌ የወንድ ከረባት ጎኑን አስፍታ፣ ባለ አበባውን ሸሚዝ በመጋረጃ ዳንቴል አስረዝማ ስትለብሰው፣ ሱቅ ተሰቅሎ የማይገኝ ቆንጆ ነገር ሆኖ ይወጣ ነበር።

ረቡዕ የደንብ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ስለሆነ ተማሪው የፈለገውን ለብሶ ይመጣል። ረቡዕ ረቡዕ ሴቶቹ ጆቪን ደረጃው ላይ ያስቆሟታል። ዳንቴሉን ይነካሉ፣ ከየት ገዛሽው ይላሉ፣ አንዷም ያምርብሻል ትላለች። ከዚያ ደወሉ ይደወልና ተያይዘው ይሄዳሉ። በምሳ ሰዓት ሩዟን የምትበላው እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ለብቻዋ ነው። ሰላምታው ለልብሱ እንደነበር ያኔ ይገባታል፤ ቢገባትም በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላ ነገር ሰፍታ ትመጣለች።

ነጩ ቀሚስ ግን ከሌሎቹ ይለያል። የአሥረኛ ክፍል ማጠናቀቂያ በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሴቶች በሙሉ ነጭ እንዲለብሱ ትምህርት ቤቱ ወስኗል። ከረባት ማስገባት የለም፣ አበባ መቀጠል የለም። ነጭ ለነጭ መገናኘት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ማናንግ ቤሊንዳ የሰልባጅ ሱቅ ወረደች።

ማናንግ፣ ማለትም እትዬ፣ ቤሊንዳ እየተባለች የምትጠራው ወፍራምና ቀልደኛ ነጋዴ አዲስ የልብስ ቦንዳ ፈትታ ነበር። ሴቶች ክምሩ ላይ ተደፍተው ይበረብራሉ፤ አንዷ የያዘችውን ሌላዋ በዓይኗ ትከተላለች። ማናንግ ከመካከላቸው ቆማ ትደራደራለች፣ ትሳደባለች፣ መልስ ትሰጣለች። ጆቪ ነጭ ጨርቅ እንደምትፈልግ ስትነግራት ሳቀችባት።

«ነጭ ስንት ዓይነት ነው ብለሽ ነው?» ብላ የነርስ ጋውን፣ የካራቴ ሱሪ፣ የሠርግ ቀሚስ ገበርና አንድ የጠረጴዛ ልብስ አከታትላ ወረወረችላት።

ጆቪ አንድ በአንድ በር ላይ አውጥታ ከቀሚሱ ጋር አስተያየቻቸው። ጋውኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ገበሩ ቢጫ ሆኗል። የካራቴው ሱሪ ወፍራም ነው፣ ቀሚሱን ይጎትተዋል። የጠረጴዛው ልብስ ብቻ ቀረብ ይላል፤ እሱም ቢሆን ብርሃን ላይ ሲወጣ ክሬም መሆኑን አይደብቅም።

ማናንግ ምን ያህል እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ጆቪም አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል አለች።

«የጎደለውን መች ጠየቅኩሽ? ልክሽ ስንት ነው?»

ጆቪ አላወቀችውም። ሦስት ዓመት ስትሰፋ ሁልጊዜ የምትለካው ልብሱ ከሰውነቷ ላይ የሚጎድለውን ነው፤ ሰውነቷን ለክታው አታውቅም።

«ልብስ ሰፊ ነኝ ትያለሽ እንዴ ደግሞ?» አለች ማናንግ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጆቪን በክንዷ ይዛ አዞረቻት። «ቀጥ በይ። እጅሽን ዘርጊ። አትተንፍሺ አላልኩም፣ ተንፍሺ።»

የማናንግ ጣቶች አንዱ ትከሻዋ ላይ አርፈው ወደ ሌላው ተሻገሩ። ሜትሩ ጀርባዋ ላይ ተዘረጋ፣ ደረቷን ዞረ፣ ወገቧ ላይ ጠበቅ ብሎ ላላ። አክስቷ ጥሩ ሴት ናት፣ ምግቧን አጉድላባት አታውቅም፤ ጆቪ ሰው እንዲህ በእጁ ከያዛት ግን ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማስታወስ ሞክራ አልቻለችም። ማናንግ ቶሎ እንዳትጨርስ ተመኘች።

«ትከሻ አርባ አንድ። ደረት ዘጠና። ይሄ እኮ የትልቅ ሰው ነው» አለች ማናንግ፣ የዋጋ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈች። ከዚያ የጠረጴዛውን ልብስ አንስታ በጥርጣሬ አገላበጠችው። «ይሄኛው ግን ከኋላ ያስታውቃል፤ ነግሬሻለሁ።»

«ከኋላ አታየኝም።»

«ማን?»

«እናቴ።»

ማናንግን አንዲት ደንበኛ ጠርታት ሄደች። ጆቪ ግን የገዛ መልሷ ጆሮዋ ላይ ቀርቶ፣ እስከ ቤት ድረስ ያለውን ዳገት ስትወጣ አብሯት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተረተረችው። የጠረጴዛውን ልብስ ቆርጣ አስገባች፣ ዚፑን ወደ ጎን አዛወረች። አክስቷ ዓሣ እያጸዳች ብቅ ብላ አየችውና በእውነት ድንቅ ሥራ ነው አለች። ጆቪ መኪናውን አቁማ ለእናቷ እውነቱን ልትነግራት እንደምታስብ ነገረቻት።

«ምን ልታተርፊ?» አለች አክስቷ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። «እሷ እዚያ ምን አላት? በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ብቻ ነው በር የሚከፈትላት። ያን ቀን ደስ ብሏት ትዋል እንጂ።»

ጆቪ ፔዳሉን እንደገና መርገጥ ጀመረች። አክስቷ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው።

እሑድ እናቷ ደወለች። የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ እንደ ወትሮው ከመንገድ ድልድይ ሥር ካርቶን አንጥፋ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ጆቪ ቀሚሱን ለብሳ ጠበቀቻት። ዚፑ በአንድ ጊዜ ተዘግቷል፤ ከፊት ለፊት እንከን አይወጣለትም። እናቷ አየቻትና ዓይኗ በራ፤ ስልኩን ለጓደኞቿ አዞረችው። አራት የማታውቃቸው ሴቶች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ሙሽራ መሰልሽ አሏት። እናቷ ከጀርባቸው ሆና፣ እኔ እኮ ልጄን በዓይኔ ነው የምለካት ስትል ተሰማ።

ስልኩ ወደ እናቷ ሲመለስ ሌላ ወሬ መጣ። ባጊዮ ስለሚበርድ ኮት አይታላታለች።

«ትናንት ሱቅ ስንሄድ ያንያንን አለበስኳት። ቁልፉን እስከ ላይ ዘግቼ አየሁት፣ እሷ ላይ ሰፋ ይላል። አንቺ ላይ ልክ ይመጣል።»

ለጆቪ ያንያን እጇን ዘርግታ ስትቆም ታየቻት። እናቷ ተንበርክካ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ስትቆልፍላት፣ ኮሌታዋን ስታስተካክልላት። ቀናች። አሥራ ሁለት ዓመት በሆናት፣ ምንም ባላደረገቻት ልጅ ቀናች። አመሰግናለሁ ብትል በሚቀጥለው ካርቶን ኮቱ ይመጣል፤ እሷም ተርትራ ታሰፋዋለች። የሚያምር ኮት አድርጋ ልታወጣው እንደምትችል ታውቃለች። እናቷ ግን መቼም አታውቃትም።

«እማ፣ ኮቱን አትግዢው።»

«ጥቁር ነው እኮ፣ ጥቁር አትወጂም?»

«ቀለሙ አይደለም። ያንያን ላይ ስለለካሽው ነው።»

ከስኳር ቆርቆሮው ራቅ ብላ ቆመችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

እናቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጠረጴዛ ልብስ። ጠቦኝ ነው እማ።»

«ሰማያዊው ሹራብስ?»

«እሱም።»

«ባለ አበባው?»

«እሱም። የላክሽው ሁሉ። ተርትሬ እያሰፋሁ ነው የምለብሰው።»

ፊቷን ስትመልስ ስልኩ ላይ እናቷ አልነበረችም። የሚታየው የድልድዩ ሆድ ብቻ ነው፤ ግራጫ ሲሚንቶ። አክስቷ ኩሽና ውስጥ ሳህን ማጠቧን አቋረጠች። ጆቪ ቁጭ አለች። ስልኩ ይዘጋል ብላ ፈራች። ነገ እመቤቲቱ ምን ትላት ይሆን ብላ አሰበች፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። ስልኩ ግን አልተዘጋም።

እናቷ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከአንዷ ሴት እስክሪብቶ፣ ከሌላዋ የብስኩት ካርቶን ቁራጭ ተቀብላ ይዛለች።

«በይ ንገሪኝ» አለች። «ትከሻ።»

«አርባ አንድ።»

እናቷ ልትጽፍ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። «የእኔ ሠላሳ ስምንት ነው» አለች ቀስ ብላ። እስክሪብቶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጆቿን ስልኩ ፊት ትይዩ አድርጋ ከፈተች። በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አየችው፤ ከዚያ እጆቿን ትንሽ አራራቀቻቸው።

«ይሄን ያህል?»

«ትንሽ ጨምሪ» አለች ጆቪ።