አልነድ ያለው ክብሪት

የመብራት ሽቦ ባልደረሰበት ኮረብታ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ በረዶው ሊጥል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንዲት ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አባትየው፣ ባላቸው የሞተባቸው እህታቸው፣ አንድ ሴት ልጃቸውና ምድጃ ሊሠራ ከከተማ የመጣ ወጣት ግንበኛ።

አሮጌው ምድጃ ተሰንጥቆ ጭሱን ወደ ቤት ይመልስ ነበር። በዚያ ኮረብታ ላይ ደግሞ ያለ ምድጃ ብርዱን ማለፍ የማይታሰብ ነው። ግንበኛው አሮጌውን አፍርሶ በጡብና በጭቃ አዲስ ሠራ። የቀረው ማድረቅ ነው። እርጥብ ምድጃ እሳት በአንዴ ከበዛበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይነድበታል። መድረቁ የሚታወቅበት ዘዴም አለ። ማታ አንዲት የክብሪት እንጨት አመድ ማውጫው ውስጥ ይቀመጥና በሩ ይዘጋል። ጠዋት ተጭሮ ከነደደ ምድጃው ደርቋል። ካልነደደ ገና እርጥበት አለው ማለት ነው።

ክብሪቱ ግን ዛሬም ነገም አልነድ አለ።

ግንበኛው ግራ ገባው። ጡቡን በጣቱ ሲያንኳኳው እንደ ደረቅ ሸክላ ይጮሃል። ጭቃው ነጥቷል። መዳፉን ሲያሳርፍበት አይቀዘቅዝም። ታዲያ ክብሪቱ ምን ነካው?

እስከዚያው ሥራ አልፈታም። እሱ እንጨት ይፈልጣል፣ ልጅቷ ትደረድራለች። ድንቹን ጭድ አልብሰው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ሽንኩርቱን ጎንጉነው ይሰቅላሉ፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፋሉ። ጥያቄዋ አያልቅም።

«ከተማ ውስጥ የመንገዱን መብራት ጠዋት ማን ነው የሚያጠፋው?»

አሰበ። «እኔ እንጃ። ጠይቄ አላውቅም።»

«ተወልደህ ያደግህበት አይደል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እሱም ሳቀ። ጆሮው ግን ጋለ። ቀና ብሎ ሊያያት ፈልጎ መጥረቢያውን አየ።

ምሳ ላይ አክስትየው ሳህኑን እየሞሉ ይተርቡታል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ምግብም እኮ አይገባም። ብላ እንጂ ልጄ።»

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ያልነደደውን ክብሪት ሊጥል ሲል እጁ ቆመ። ሥራ ሲያሳስበው እንጨት የመንከስ ልማድ አለው። ማታ ሲያስቀምጠውም ጫፉን ነክሶት ነበር። ይህኛው ግን የጥርስ ምልክት የለበትም።

ሰው ለውጦታል።

ማን? ለምንስ? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ቁርስ ቀረበ፤ አባትየውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምድጃው እስከ እሑድ ካልደረቀ በጎቹን ሸጠን፣ ቤቱን ዘግተን ቆላ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ እንወርዳለን። ብርድ ቀልድ አያውቅም።»

«እሰይ፣ ጉልበቴም ያርፋል» አሉ አክስትየው።

 የልጅቷ ማንኪያ አፏ ሳይደርስ ቀረ። ቆላ ሩቅ ነው፤ በጎቹ ከተሸጡ ደግሞ ተመልሶ መምጣት የለም። ግንበኛው ይህን ሲያስብ ምድጃው አልደርቅ ብሎ የግንበኝነት ስሙ መበላሸቱን ረሳ። የታየው የተዘጋው በር ብቻ ነበር።

ከቁርስ በኋላ የእንጨቱ ክምር አጠገብ አገኛት።

«አክስትሽ ቆላ መውረድ በጣም ይፈልጋሉ አይደል?»

«ሌት ተቀን ነዋ። ምነው?»

ክብሪቱን አሳያትና የሆነውን ነገራት። «ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብዬ እንደምናገር ጨነቀኝ።»

ልጅቷ የያዘችውን ፍልጥ በቀስታ ክምሩ ላይ አስቀመጠች። አነሳችው። መልሳ አስቀመጠችው።

«አክስቴ የለችበትም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ሌላ ክብሪት ውኃ እየነከርኩ። ምድጃው ከደረቀ በማግስቱ ትሄዳለህ። በረዶው መንገዱን ከዘጋው ግን የትም አትሄድም። አባዬ በጎቹን እሸጣለሁ ይላል ብዬ መቼ አሰብኩ።»

ግንበኛው ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፦ «አትሂድ ብለሽ ብትጠይቂኝስ?»

«አንተ እኔን ለማየት እንኳ መጥረቢያህን ታስፈቅዳለህ። ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

አሁን ግን ቀና ብሎ አያት። እሷም አላቀረቀረችም።

«የክብሪቱ ፓኮ እርጥብ ነበር እላቸዋለሁ» አለ። «ጥፋቱ በእኔ ይሁን።»

«አይሆንም። በአንድ ውሸት በጎቹን ላስሸጥ ነበር፤ ሁለተኛ አልጨምርም።»

ፊት ፊት እየሄደች ቤት ገባች። እሱም ተከተላት። ለአባቷ ቆማ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። አባትየው ምድጃውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ግንበኛውን አዩት።

«ልጄስ አፍ አላት። አንተ ምን ትላለህ?»

 «ከፈቀዱልኝ... ብከርም ደስ ይለኛል።»

«ስለ ምድጃው ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። ስለ እሷ ነው።»

አባትየው ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። «የሚከርም ሰው እንጨት ይፈልጣል። መኝታውም ከበጎቹ አጠገብ ነው። ተስማምተሃል?»

«ተስማምቻለሁ።»

«እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ» አሉ አክስትየው ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ። «እንግዲህ ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር የኔ ነው። ሙሽራም ቢመጣ አልነሳም።»

ከሰዓት በኋላ ትልቁን እሳት አነደዱ፤ ምድጃው አልተሰነጠቀም። እሑድ በረዶ ጣለ፣ መንገዱም ተዘጋ። ግንበኛው እዚያው ከረመ። በረዶው ሲቀልጥ ወደ ከተማ ወርዶ እናቱን ይዞ ተመለሰ፤ በዚያው ወር ተጋቡ።