ለእህቴ የሰፋሁት ጨለማ

ፈጠራ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል።

ጊዜው ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት... በታላቅ እህቴ መኝታ ክፍል ውስጥ።

እህቴ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ዓመታት ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ ኖራ፣ ታማ ቤት ከዋለች በኋላም እንቅልፍ የሚወስዳት ቀን ቀን ብቻ ነው።

የያዛት ካንሰር ከጡቷ ተነሥቶ የወገቧ አጥንት ላይ ደርሷል።

አንድ ቀን ሐኪሟ፣ ሰውነታችን በጨለማ የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን እንዳለ ነገረን። ብርሃን ይቀንሰዋል። ሆርሞኑ ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን ስርጭት ሲያዘገይ ታይቷል።

"በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም" አለን። "መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብትተኛ ግን አይጎዳትም።"

እኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው "ጨለማ" የምትለዋ ብቻ ናት።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ለእህቴ ላደርግላት የምችለው ሌላ ምንም ነገር አልነበረም... ጨለማ መስፋት ግን እችላለሁ።

ጥቁር ጨርቅ ሦስት ድርብ አድርጌ ሰፋሁ። ጠርዙን በመስኮቱ ዙሪያ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁት። የበሩን ሥር በፎጣ፣ የቁልፉን ቀዳዳ በጥጥ ደፈንኩ።

"እታለም፣ እጅሽ ይታይሻል?"

"እጅ አለኝ እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ከነነፍሴ ቀበርሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

ሳቅንና ተኛች።

እኔ ግን አልወጣሁም። መጋረጃ ሰፊ ሥራውን የሚፈትሸው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሞ ነው። ያኔ ብርሃን የሚያሾልክ ስፌት ካለ ራሱ ይታያል።

ቆምኩ...

መጀመሪያ የውኃ ብርጭቆዋ ታየኝ።

ከዚያ የአልጋው እግር።

መስኮቱን ዳሰስኩ። ድፍን ነው። በሩን አየሁ። እሱም ድፍን።

ፊቴን ወደ መጋረጃው መለስኩና ስፌቱን አንድ በአንድ ስፈትሽ... ጨርቁ ላይ የሰው ጥላ አየሁ።

የራሴ ጥላ ነበር።

ብርሃኑ ከኋላዬ ነው ማለት ነው። ከኋላዬ ደግሞ ከአልጋው በቀር ምንም የለም።

"አጥፊው..." አለች እህቴ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"መብራቱን።"

"መብራት የለም፣ እታለም።"

"ታዲያ ለምን አይጨልምልኝም?"

ዞርኩ። ዓይኖቿ እንደተከደኑ ናቸው። ብርድ ልብሱ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ትበራለች።

ተንደርድሬ ነጥቧን በመዳፌ ከደንኳት። ብርሃኑ መዳፌን አልፎ ወጣ... የጣቶቼ አጥንቶች አንድ በአንድ ታዩኝ።

አይሞቅም። አይቀዘቅዝም።

ወዲያው ወገቧ ጋ ሌላ ነጥብ በራ።

በሌላው እጄ ከደንኩት።

"ጨለመልሽ?" አልኳት።

"ትንሽ..." አለች።

ልተነፍስ ስል ግን ፊቷ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ፈካ። አንገቷ ሥር ሦስተኛው በርቷል።

ሐኪሙ ስለ አንገቷ የነገረን ነገር አልነበረም።

እኔ ደግሞ ያለኝ ሁለት እጅ ብቻ ነው።