አሥራ ዘጠኙ የአያልነህ ደብዳቤዎች

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ የርብና የጉማራ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሽምብራና ጓያው በቀረው እርጥበት በቅሎ ነበር፤ ክረምቱን ወደ ደጋው የወጣውም ከብት ተመልሶ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። በዚያ ሰሞን ከወረታ ፈቀቅ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር አዋጅ ተነገረ፤ የአሮጌው ሥርዓት ወረቀት ሁሉ፣ የርስት ቢሆን የግብር፣ የጭሰኛ ውል ቢሆን የንግድ፣ እስከ ኅዳር ሃያ አንድ ለማኅበሩ ገብቶ ይቃጠል ተባለ። ሕዝቡ ግን እስከ ጽዮን ማርያም ብሎ ነው የሰማው።

አዋጁ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ወይዘሮ ገላነሽን ነበር። ባሏ አያልነህ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ወባ እስኪገድለው ድረስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የፎገራን ከብት ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ሲነዳ፣ በየገበያው በተቀመጠ ጸሐፊ እያስጻፈ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ልኮላታል። እሷ ፊደል ስለማታውቅ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ያነቡላት ነበር፤ «የመተማ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አንቺ ስለሌለሽበት ባዶ ሆነብኝ» የሚለውን በቃሏ ትወጣዋለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይቀናባት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሷም እንዲቀናባት አጥብቃ ትሻ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ ማረው ሄደች። ማረው የጎረቤቷ ልጅ ነው፤ በሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ሲጀመር፣ እሱ ለሹመቱ ብሎ፣ እሷ ለደብዳቤዎቿ ብላ፣ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው።

«ማረው፣ የኔ የፍቅር ደብዳቤ ነው። እሱንም ልታቃጥለው ነው?»

«እመት ገላነሽ፣ የባልና የሚስት ደብዳቤ ማን ይነካዋል? የንግዱ ነው የሚፈለግ። አሁንማ ማንበብ ችለዋል፤ ራስዎ ለይተው ያምጡልኝ።»

በማግሥቱ በረፋዱ ፀሐይ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን ወረቀት ገለጠች። የጸሐፊው እጅ እንደ ትምህርት ቤቱ ፊደል የሚታዘዝ አልነበረም፤ በጣቷ እየተከተለች አንዱን መሥመር ሦስት ጊዜ እየደገመች አነበበችው። «ይድረስ ለወይዘሮ ገላነሽ። እንዴት ሰንብተሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቡሬው በሬ ተሽጧል። ዳልቻው መንገድ ላይ አንክሷል። ጊደሯን እንዳትሸጫት። ቀሪውን መሪጌታ በቃል ይነግሩሻል።» ሁለተኛውም በሬ ነው፤ ሦስተኛው ቀረጥ ነው፤ መዝጊያው በሁሉም ያው ነው፣ እሷም እንደ ልማድ ሰላምታ ቆጥራ አለፈችው። በሦስት ቀን አሥራ ዘጠኙን ጨረሰች፤ አንዲት የፍቅር ቃል የለበትም። ወረቀቱ ሁሉ የንግድ ነው፤ ሁሉም ሊቃጠል ነው። ከእሳቱ ይልቅ ግን ሃያ ዓመት በሰው ቃል ስትደሰት መኖሯ አንገበገባት።

መሪጌታን ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀቻቸው።

«የኔታ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያታልሉኝ ኖሩ?»

መሪጌታ ወረቀቱን አይተው ነገሩ ገባቸው፤ መቋሚያቸውንም ተደገፉ።

«ልጄ፣ አያልነህ ከብት ሊነዳ በተነሳ ቁጥር እዚሁ ይጠራኝ ነበር። ‹የኔታ፣ ለማላውቀው ጸሐፊ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሚስቴ ናፍቃኛለች ብዬ ማስጻፍ ያሳፍረኛል፤ ወረቀቱ ሲደርስ ይህን ይንገሩልኝ› ብሎ ቃሉን ያስጠናኝ ነበር።»

«ሁሉንም እሱ ነው ያለው?»

«ዋናው የሱ ነው። ጥድፊያ ይዞት ያሳጠረ እንደሆነ፣ እንግዲህ... አንዳንዴ ሞላ አድርጌው ይሆናል።»

ገላነሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። እጃቸውን ሳመች፤ ተናዳብኝ ይሆን ብለው የፈሩት እሳቸው ነበሩ።

በኅዳር ሃያ ሕዝቡ ወረቀቱን ይዞ በማኅበሩ ግቢ ተሰበሰበ። ገላነሽ ተራዋ ሲደርስ አሥራ ዘጠኙንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማረው የላይኛውን አንሥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«እመት ገላነሽ፣ ይህ በሬ ነው እኮ።»

«እስከ ታች አንብበው።»

«ቀሪውን... መሪጌታ... በቃል ይነግሩሻል።» ቀና አለ። «ቀሪው ምንድን ነው?»

«ባሌ ለጸሐፊ ያላወጣውን ለማኅበር ልናገር?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ማረው ወደ መሪጌታ ቢዞር፣ እሳቸው «ለእሷ የተላከ ነው፤ ለጉባኤ አይነገርም» አሉት። ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም በያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ «የግል ደብዳቤ» ብሎ በቀስታ ጻፈና የማኅበሩን ማኅተም አሳረፈበት። ደግ ሰው ነበር ማረው፤ ከሌላው ቤት የመጣውን ግን አላተረፈውም። የእነዚያ ቤቶች ነገር በዚያው ቀን ነደደ፤ ዛሬ በማንም ዘንድ አይገኝም።

የገላነሽ ወረቀት ማኅተም ስላለበት ማንም ሳይነካው ቆየ፤ ከሞተች በኋላም የእህቷ ልጅ ለወረታ የታሪክ መዝገብ ቤት ሰጠው። በማኅደሩ ላይ «የከብት ንግድ ሰነዶች» ተብሎ ተጽፎበታል። ተመራማሪዎች እየመጡ የትኛው በሬ በየትኛው መንገድ እንደተነዳ፣ ቀረጡ የት እንደተከፈለ ከዚያ ይቀዳሉ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። መሪጌታ ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድመው ዐርፈዋል፤ ቃሉን ከሁለቱ በቀር ሙሉውን የሚያውቀው አልነበረም። መዝገብ ቤቱ አያልነህ ያስጻፈውን ሁሉ ከነነጠብጣቡ ጠብቆታል፤ ገላነሽ ሃያ ዓመት የኖረችበት ቃል ግን በዚያ ውስጥ የለም።