መቶኛው ድል

ዌንደል ክሮፍት በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ትናንሽ ከተሞች ለሰባት ዓመት ቤዝቦል ተጫውቷል። ኳስ ወርዋሪ ነው፤ በአነስተኛው ሊግ እሱን የሚያህል አልነበረም። በየሜዳው ስሙ ይጠራል፤ ከጨዋታ በኋላ ግን ወደ ኪራይ ክፍሉ ብቻውን ይመለሳል።

ሎሬታን ያገኛት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ካልሲዎቹን ከማሽኑ ሲያወጣ ሁሉም ሮዝ ሆነዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ቀይ ከነጭ ጋር ይታጠባል እንዴ? እናትህ አልነገረችህም?»

«እናቴ ያስተማረችኝ ኳስ መወርወር ነው።»

«እሱንስ አይቻለሁ። ሜዳ ስትገባ ከተመልካቹ በላይ ተቀምጬ ኦርጋን የምጫወትልህ እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንዴ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

ዌንደል ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን መመለስ አቃተው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጨዋታ በኋላ አብረው ይሄዱ ጀመር። ሎሬታ የምትኖረው ግማሽ አካሉ ከማይታዘዝለት አባቷ ጋር ነበር። ዌንደል የሽማግሌውን ጺም ይላጫል፤ እሷ እራት ታቀርባለች።

ነሐሴ ላይ አሰልጣኙ ጠራው። «ሻንጣህን ያዝ። ዋናው ሊግ ፈልጎሃል።»

«አብረሽኝ ነይ» አላት ሎሬታን።

«አባቴን ለማን ትቼ?»

«እንግዲያው እንደደረስኩ እጽፍልሻለሁ።»

ከተማው በማርሽ ባንድ ሸኘው። ዋናው ሊግ ደርሶ ግን አሥራ አንድ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወርውር ያለው አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሩቅ አገር ወዳለ ሌላ አነስተኛ ቡድን መለሱት። ምን ብሎ ይጻፍላት? ሦስት ደብዳቤ ጀምሮ ሦስቱንም ቀደደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የሌላ ቡድን ማሊያ ለብሶ ወደዚያች ከተማ መጣ። በቤዝቦል ድል የሚመዘገበው በወርዋሪው ስም ነው፤ ያን ቀን መቶኛ ድሉን አገኘ። የተሸነፈው ሕዝብ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበለት። ኦርጋኑ ጋ የተቀመጠው ግን አንድ ሸበቶ ሰውዬ ነበር።

ሎሬታ አውቶቡሱ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ጸጉሯን አሳጥራለች። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። «አባቴ አምና አረፈ።»

«አልሰማሁም፣ ሎሬታ።» ኮፍያውን አወለቀ። «እዚያ አንድም ኳስ አልወረወርኩም። ተቀምጬ ተመለስኩ። አፍሬ ነው ያልጻፍኩልሽ።»

«አውቃለሁ። የመለሱህ ዕለት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ታች፣ በደቃቁ ጽሑፍ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በቃ ሊመጣ ነው ብዬ መጋረጃ አጠብኩ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ።»

ዌንደል ቀለበቷን አየና «ደግ ሰው ነው?» አላት።

«ደግ ነው። ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።»

«ክሮፍት! ትተንህ ልንሄድ ነው!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

እጁን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

አውቶቡሱ ውስጥ ጓደኞቹ ስሙን እየጠሩ ዘፈኑለት። እሱ መስኮት ዳር ተቀምጦ ለሎሬታ እጁን ያውለበልብ ነበር። መንገዱ ከታጠፈ ቆይቷል፤ ውጭ የሚታየው የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው።