በበረዶ የታወረው መኪና ያየው ሰው

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው አልነገረኝም፣ ከፊልም አልቀዳሁትም። ያላመነ ይተወው፤ አልለምነውም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር።

አዎ፣ ከቀኑ። ግን ሰሜን ስዊድን፣ እኛ መንደር፣ በታኅሣሥ ወር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ቦታው ሐይቁ ላይ ነው። ዳሩ ሳይሆን ላዩ ላይ። በብርዱ ወራት ሐይቃችን እንደ ድንጋይ ይጠጥርና መኪና ይነዳበታል። መኪና ሠሪዎች ገና ለገበያ ያልወጡ መኪኖቻቸውን ከየአገሩ እየጫኑ ይመጡና እዚህ በብርድ ይፈትኗቸዋል። መንደሩ የሚኖረው በዚህ ነው።

ስሜ ማሪት ነው። ሥራዬ መንዳት ነው እንዳልል... አለመንዳት ነው። መሪው ፊት እቀመጣለሁ። እጄ ጭኔ ላይ፣ እግሬ ከፔዳሉ ሸሸት ብሎ። መኪናው መንገዱን በካሜራ፣ ከፊቱ ያለውን ደግሞ በራዳር እያየ ራሱን ይነዳል። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት በረዶ ዓይኑን ሲጋርደው ምን እንደሚያደርግ ነው።

ስለዚህ በረዶውን አንጠርግም። ሕጉ ነው። ካሜራው ቢሸፈን፣ ራዳሩ ያለበት የፊት ፓራውልት ላይ በረዶ ቢጋገር ማንም አይነካውም። ፍሬንም አይረገጥም። መኪናው ራሱ ፍሬን እስኪይዝ ይጠበቃል።

ወንድሜ የሞተው በዚህ ሕግ ነው።

አንቴ የሐይቁ ጠባቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግግሩ ላይ እየተንበረከከ ውፍረቱን በመሰርሰሪያ ይለካል። ዓምና፣ ጎንበስ ብሎ ሲለካ፣ ዓይኑ የተጋረደ መኪና መጥቶ ገጨው።

ኩባንያው «ጠባቂው በሬዲዮ ሳያሳውቅ ሐይቁ ላይ ገባ» አለ። መንደሩም አሜን ብሎ ተቀበለ። ጠጥቶ ነበር ያሉም አልጠፉ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አንገቷን እንደደፋች ናት፤ ሱቅ ስትሄድ እንኳ ቀና ብላ ሰው አታይም።

እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። «ሐይቁ ላይ ነኝ» ሳይል ግግሩን የሚረግጥ ሰው አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ጋ ታኅሣሥ ላይ ንጋት የሚባል ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ ውስጤን የበላኝ አንድ ጥያቄ ነው... አንቴ በሬዲዮ ተናግሮ ነበር ወይስ አልተናገረም?

መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ የእናቴ ወንድም ስቱሬ ነው፤ ዳር ላይ ካለችው የእንጨት ቤት ሆኖ ሬዲዮውን የሚቆጣጠር። ሁለተኛው በገጨው መኪና ውስጥ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ዲትማር ነው። ሁለቱም «ምንም አልሰማንም» ብለዋል።

ያን ቀን አብራኝ የምትሠራው ልጅ ጉንፋን ጣላት። በእሷ ቦታ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው?

ዲትማር።

«እንዳትነካከሱ እንግዲህ» አለ አጎቴ ስቱሬ፣ እንደ አገራችን ልማድ ቡናው ውስጥ አይብ እየጨመረ።

«የሱ ሥጋ አይበላም፤ አጥንት ብቻ ነው» አልኩት።

አጎቴ ሳቀ። ዲትማር አልሳቀም። ጓንቱን አጠለቀና ወጣ።

ብርዱ ላላ ብሎ ነበር። ለመኪና ክፉው እንዲህ ያለው ቀን ነው። ብርዱ ሲጠነክር በረዶው እንደ ዱቄት ደርቆ ይበናል፤ ሲላላ ግን ይረጥብና እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ገና ሳንነሳ የመኪናው አፍንጫ ነጭ ሆኗል።

«ሐይቁ ላይ ማንም የለም። ሂዱ» አለ አጎቴ በሬዲዮ።

እኔ መሪው ፊት፣ ዲትማር ከጎኔ ሆነን ተንቀሳቀስን።

ትንሽ እንደሄድን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ካሜራው ተሸፍኗል።»

ቀጥሎ፦ «የጎን ራዳሮች አይሠሩም።»

ቀጥሎ፦ «የፊት ራዳር አይሠራም።»

እስከዚህ ደህና ነው። አሁን መኪናው ይጮህና መሪውን ያስረክበኛል። ሁልጊዜ እንዲያ ነው።

አልጮኸም።

መሪው ፊቴ ላይ ብቻውን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ከዚያ ወደ ግራ። አንድም ነገር ሳያይ... የሚሄድበትን ያውቃል።

«ዲትማር» አልኩ። «ይሄ ነገር በምን እያየ ነው?»

«ዝም በይ። አትንኪው።»

በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ ሰው ብቅ አለ።

ትንሽ ግራጫ ምስል ናት። መኪናው ከፊቱ ሰው ሲያይ የሚስላት። ፍጥነቱ ቀነሰ... ቀነሰ... ቆመ።

በፊት መስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ። መብራታችን፣ የሚወርደው በረዶ፣ ባዶ ግግር። ሌላ ምንም የለም።

«የሐሰት ምልክት ነው» አለ ዲትማር። «እርጥብ በረዶ ራዳሩን ያሳስተዋል።»

«ራዳሩ አይሠራም እያለ እኮ ነው።»

ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ምስሉ ጠፋ። ሄድን። ጥቂት እንደሄድን እንደገና መጣ። መኪናው እንደገና ቆመ። አሁን ግን አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን በደንብ አየሁት።

መኪናው ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚስለው። ረጅም ይሁን አጭር፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ ቀጥ ብሎ የቆመ ግራጫ ሰው ነው። ሌላ ሥዕል የለውም።

ይኼኛው ተንበርክኳል።

«ዲትማር...»

«አየሁት» አለ በሹክሹክታ።

ምስሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ እኛ መራመድ ጀመረ።

መኪናው አንድ ነገር ሲጠጋው የሚያሰማው ድምፅ ከፊት ጮኸ። ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ። ከዚያ በእኔ በኩል ጎን ላይ። ቀጥሎ ከኋላ። አንድ ነገር መኪናውን እየታከከ ይዞራል። በመስኮት አየሁ። ማንም የለም። በረዶው ላይ ዱካ እንኳ የለም።

ድምፁ በዲትማር በኩል፣ ከኋላው በር አጠገብ ቆመ።

ጸጥ አለ።

ስክሪኑ ላይ አዲስ ጽሑፍ መጣ።

«የኋላ ተሳፋሪ ቀበቶ አላሰሩም።»

ዞሬ ለማየት አቅም አጣሁ። በኋላ ማሳያው መስታወት ሰረቅ አድርጌ አየሁ። መቀመጫው ባዶ ነው።

እኛ የሐይቁ ልጆች ግግር ላይ ቀበቶ አናስርም። ግግሩ ከከዳህ ፈጥነህ መውጣት አለብህ። መስኮትም ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። መሐንዲሶቹ ግን ደንብ ነው እያሉ ያስራሉ። ዲትማርም አስሮ ነበር።

እዝዝዝ... የኋላው መስኮት ትንሽ ዝቅ አለ።

እኔ አልነካሁትም። እሱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

«ማሪት...» አለ።

«እ?»

«ተናግሮ ነበር።»

«ማን?»

«ወንድምሽ። 'ሐይቁ ላይ ነኝ፣ ጠብቁኝ' ብሎ ነበር። ሰምቼዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ቃል ነው። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰምተህ ለምን ሄድክ?»

«መኪናው የሚያየው መሰለኝ። በረዶ እያለም የሚያይ አዲስ ራዳር ነበር። እንዲያየው... ፈለግሁ።»

«ፍሬኑስ?»

«ሥራችን አለመርገጥ ነው» አለ። «ይይዛል... አሁን ይይዛል... እያልኩ ቀረሁ።»

ወንድሜን ለሙከራ! አንቴን፣ እኔን በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝን ልጅ! ያኔ እዚያው በጥርሴ ብዘነጥለው አልጠላሁም።

«አጎቴስ ሰምቷል?»

«ከእኔ በፊት ነው የሰማው።»

የሬዲዮውን መናገሪያ አንስቼ ዘረጋሁለት። «በል ይህን በዚህ ተናገር። መንደሩ ሁሉ ይስማ። እናቴ ትስማ።»

መናገሪያውን አየው። አልተቀበለኝም።

«ልጆች አሉኝ፣ ማሪት።»

«እናቴም ልጅ ነበራት።»

ቀበቶውን ፈታ። «ራዳሩን ልጥረገው። ንጹሕ ከሆነ ይሄ ነገር ይጠፋል» እያለ ወጣ። ሰውየው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በራዳር ነው የሚያምነው።

በመብራታችን ፊት መጥቶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በክንዱ ፓራውልቱን መጥረግ ጀመረ። የተጋገረው በረዶ ተገምሶ ሲወድቅ ሰማሁ። ካሜራውንም ጠረገ።

ጽሑፎቹ በየተራ ጠፉ። መኪናው ዓይኑ በራ።

ስክሪኑን አየሁ። ሰው አለ። አንድ።

የቆመው ግን ዲትማር ካለበት አይደለም። ራቅ ብሎ፣ ወደ ቀኝ ነው። ዲትማር ባለበት ቦታ ላይ... ባዶ ነው። ሰውየው መብራት መሃል ቆሞ እኔን እያየ በረዶውን ከእጁ ያራግፋል፤ መኪናው ግን አያየውም።

ከዚያ መኪናው ተነሣ።

ከፊቱ ሰው ካለ በፍጹም አይነሣም። የተሠራው ለዚያ ነው። ተነሣ እንጂ! ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዲትማር።

ዲትማር አልሸሸም። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ይይዛል ብሎ ነው... ዛሬም ይይዛል ብሎ ነው!

አልዋሽም። እግሬ ዘገየ። አንቴን አስቤ ነው የዘገየው።

ከዚያ በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ጎማዎቹ ግግሩ ላይ ተንሸራተቱ፣ ፓራውልቱ ጉልበቱን ነክቶ ቆመ።

እሱ ወደ ኋላው ወንበር ሳያይ ከጎኔ ገባ። መሪውን ይዤ ራሴ ነዳሁ። ዳር ስንደርስ ዲትማር ወደ እንጨት ቤቷም ሳይገባ የራሱን መኪና አስነሥቶ ሄደ። «ደህና ዋይ» እንኳ አላለኝም።

እኔ ወደ አጎቴ ገባሁ።

«አንቴ ተናግሮ ነበር?»

ማንኪያው ሲኒው ውስጥ ቆመ። «ማን አለሽ?»

«ዲትማር።»

ከንፈሩ ሥር የወተፈውን ትንባሆ በምላሱ ገፋ ገፋ አደረገ።

«እሺ፣ ተናግሮ ነበር» አለ። «እኔም ለዲትማር 'ቁም' ማለት ነበረብኝ፤ እሱም ሰምቷል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ብናገር ምን ይፈይዳል? ሐይቅ እንደሆነ በየአገሩ ሞልቷል። መኪኖቹ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ መንደሩም ይዘጋል።»

«እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየህ?»

«እናትሽ ታውቃለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«በቀብሩ ማግስት ነገርኳት» አለ። «'ማሪት እንዳትሰማ' አለችኝ። 'ከሰማች ከዚህ አገር ትጠፋለች፣ ሁለተኛዋንም አላጣም' አለችኝ።»

እናቴ አንገቷን የደፋችው በአንቴ አፍራ አልነበረም።

«የሞተ ተጎዳ፣ ማሪትዬ» አለ አጎቴ፣ ድምፁን አለስልሶ። «እኛ ያለነው እንኑር። ነይ፣ ቡና ልቅዳልሽ።»

ጥዬው ወጣሁ። ከኋላዬ በሩን እንኳ አልዘጋሁም፤ እሱ ተነሥቶ ዘጋው።

ውጭ መኪኖቹ ተደርድረዋል። የሁሉም ኩባንያ መኪና፣ ከሐይቁ ዳር ጀምሮ እስከ አጎቴ መስኮት ድረስ በአንድ ረድፍ። የሁሉም ሞተር ጠፍቷል። ሁሉም በበረዶ ተሸፍነዋል። ቁልፎቻቸው አጎቴ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

ሐይቁ አጠገብ ያለው መኪና የፍሬን መብራት በራ።

ቀይ። ከበረዶው ሥር ደብዘዝ ብሎ።

ጠፋ። ቀጥሎ ያለው በራ።

ጠፋ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው...

ሰው በፊታቸው ሲያልፍ የሚያደርጉት ነው። አንድ ሰው በፊታቸው ቀስ እያለ እየተራመደ ነው። አጎቴ ወዳለበት ቤት።

የእጅ ሬዲዮዬ ደረቴ ላይ ነበር። አጎቴ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ ነው የሚውለው፤ ለማስጠንቀቅ አንድ ቃል በቂ ነበር። ጣቴ መጫኛው ላይ አረፈ።

አልተጫንኩም።

የመጨረሻው መኪና በራ። መስኮቱ ቀይ ሆነ። አጎቴ ሲኒውን እንደያዘ ቀና ሲል አየሁት። በሩ አልተከፈተም። እሱ ግን ወደ በሩ እያየ ሲኒውን አስቀመጠ፣ ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ...

በአንቴ ቀብር ላይ እንዳደረገው ኮፍያውን አወለቀ።