ያልመጣው ዋጋ

ሹፌሩ ባዶ እጁን በአውቶቡሱ መስኮት አውጥቶ ሲያሳያት፣ ጥድፊያ ጠመኔዋን ይዛ ቆማ ነበር።

«አክስትሽ ዛሬ ቦታዋ ላይ የለችም» አላት። «ጎረቤቷን ብጠይቃት አሟት ቀርታለች አለችኝ። በይ ጥዱ፣ ሰኞ እንገናኝ።»

አውቶቡሱ አቧራ አልብሷት ሄደ። የእረፍት ሰዓት ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። ከመንገዱ ማዶ በጎሚስታው ግድግዳ ላይ፣ ከትምህርት ቤት የተጣለ አንድ አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ፊት ከሠላሳ የማያንሱ ቲማቲም አምራቾች ሳጥኖቻቸውን ደርድረው እሷን ይጠብቃሉ።

ጥድፊያ እውነተኛ ስሟ አይደለም። እናቷ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጭነት መኪና ላይ ስለወለደቻት አባቷ ያወጣላት ቅጽል ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታም አልለቀቃትም። ደግሞም ልክ ብሏታል። አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም። ክፍል ውስጥ እግሯ መወዛወዝ ሲጀምር ዴስኩ ስለሚንቀጠቀጥ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው የሳቂታ ጽሑፍ ሁሉ ይጣመማል። ሳቂታ ግን ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ስሟም የመጣው ከዚያው ነው።

ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት የአካባቢው ሰው ሁሉ ዋጋ የሚያውቀው በስልኩ ነበር። አንዱ ከተማ ያለ ወንድሙ ጋ፣ ሌላዋ የድሮ ጎረቤቷ ጋ ትደውልና፣ ቲማቲም በኪሎ ስንት እንደዋለ ጠዋት ሰምተው ወደ መንገድ ይወጣሉ። ከዚያ ያ ዶፍና ነፋስ መጣ፤ ኮረብታው ላይ ያለውን የኔትወርክ ምሰሶ ጥሎት አለፈ። ጠጋኞቹ ነገ ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ ሲባል ሳምንታት ሄዱ። ስልኩ ከሞተ በኋላ የከተማውን ዋጋ የሚያውቀው በፒካፑ የሚመላለሰው ደላላው ብቻ ሆነ። ሃያ ይከፍል የነበረው ሰው አሥራ ሁለት መክፈል ጀመረ። ማንንም አላስገደደም፣ አልጮኸምም። የከተማው ዋጋ ወድቋል ይላል፤ አልወደቀም የሚለው ሰው የለም፤ ቲማቲሙ ደግሞ እየበሰለ ነው።

ደላላው የሳቂታ አባት ነው።

ጥድፊያ ያሰበችው ነገር ቀላል ነበር። አክስቷ በከተማው ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ሹፌሩ በአክስቷ መደብ በኩል አልፎ በእረፍት ሰዓት እነሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ይደርሳል። አክስቷ የዕለቱን ዋጋ በብጣሽ ወረቀት ትልካለች፣ ጥድፊያ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሳቀባት። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ሠላሳ ሲል ደላላው አሥራ ሁለት ቢል፣ አንድም ሳጥን የሚያነሳለት አጣ። በአራተኛው ቀን ሃያ ሁለት ከፈለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከዚህ ቀደም ሰላም ብሏት የማያውቅ የአስተዳደር ቢሮ ሠራተኛ ማስታወቂያውን ይዞ መጣ፤ እባክሽ ብሎም ለመናት። የጠፋች ላም፣ የክትባት ቀን፣ የወፍጮ ቤት ሰዓት፣ ሁሉም በእሷ እጅ መጻፍ ጀመረ። ትልልቅ ሰዎች መንገድ ይለቁላታል። ጥድፊያ ይህን አልጠላችውም። ጠመኔ ይዛ ስትቀርብ ጫጫታው ጸጥ ሲል፣ ያ የማያርፍ እግሯ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ያርፍላት ነበር።

እናም በዚያ ዓርብ መንገዱን ስትሻገር ሠላሳ ፊት ወደ እሷ ዞረ። ወረቀት የለም ማለት ትችል ነበር፤ አፏም ላይ ነበር። ነገር ግን ከፊት የቆመው ሰውዬ «ይኸው መጣችልን!» አለና ከሰሌዳው ላይ የትናንቱን ዋጋ በእጅጌው ጠረገላት። ሃያ ስምንት ነበር። በአንድ ቀን ምን ሊለወጥ ይችላል አለች በልቧ። ጠመኔውን አነሳችና «ሃያ ስምንት» ብላ መልሳ ጻፈች፤ ደወሉ ሲደወልም እየሮጠች ገባች። ሳቂታ የአጥሩ በር አጠገብ ቆማ ነበር። 

የሆነውን የሰማችው ከክፍል መስኮት ነው። ደላላው መጥቶ፣ ከሌላ በኩል ብዙ ጭነት ስለገባ ከተማው ወርዷል፣ ከአሥራ አራት በላይ አላነሳም አለ። ሰዎቹ ሰሌዳውን አሳዩት። አንዱ ማንን ልትሸውድ ነው ሲለው ሳቁ እስከ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። ውሸታም ያለውም ነበር። ደላላው ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ፒካፑን ባዶውን ነድቶ ሄደ። ሰው አጨበጨበ። ሳቂታ አንገቷን ደፍታ የሒሳብ ጥያቄ ትገለብጣለች፤ ጥድፊያ እግሯን ልታቆመው ሞክራ አቃታት።

ቅዳሜና እሁድ አውቶቡስ የለም፤ ደላላውም አልመጣም። ፀሐዩም ከረረ። አባቷ በየሰዓቱ ያልተሸጡለትን ስድስት ሳጥኖች እየከፈተ ቲማቲሙን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ እሷ ደግሞ ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት ትመላለሳለች። ምናልባት ዋጋው በእርግጥ ሃያ ስምንት ነበር እያለች ራሷን ታጽናናለች። ደላላው ከዚህ በፊት ዋሽቶ የለም? ዓርብ የማይዋሽበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሰኞ ወረቀቱ መጣ። «አሥራ ሰባት። ዓርብ አሞኝ ነበር። ዋጋው የወደቀው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ነው» ይላል በአክስቷ ጠማማ ፊደል።

ደላላው ጠጠር ያለውን መርጦ በዘጠኝ ወሰደ፤ የለሰለሰውን ነክቶም አላየው። ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚያርሱ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። ከአሥራ አንዱ ሳጥናቸው የተነሳላቸው አንድ ብቻ ነው። የቀረውን አንድ በአንድ እያዘነበሉ ቦይ ውስጥ ደፉት፤ ላሞች መጥተው በሉት። ጥድፊያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባዶ ሳጥኖቻቸውን እያጠቡ አገኘቻቸው። ጠርተው፣ ከብልሹው መሃል የለቀሙትን አራት ደህና ቲማቲም በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጧት።

«ለቤት ውሰጂ ልጄ» አሏት። «አንቺን የሚናገር ቢኖር አትስሚ። ዋጋ ነው የወደቀው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

አራቱን ቲማቲም በሁለት እጇ እንደያዘች ሄደች። ሳቂታ መታጠፊያው ላይ ደረሰችባት። ጎን ለጎን ተራመዱ።

«ዓርብ ሹፌሩ ወረቀት አልሰጠሽም» አለች ሳቂታ።

«ሰጥቶኛል።»

«ባክሽ አትሸውጂኝ። ነቄ ነኝ። ባዶ እጁን አይቻለሁ።»

ጥድፊያ መሬት መሬት ታያለች። ካየሽ ለአባትሽ ያልነገርሽው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ብነግረው ሰሌዳሽን ያስነቅለዋል» አለች ሳቂታ። «እኔ ደግሞ እንዲነቀል አልፈልግም። አሥራ ሁለት ሲከፍል እኔም ሼም ይዞኝ ነበር። ዓርብ ግን የተናገረው እውነቱን ነው። እውነቱን ተናግሮ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አያወራም።»

 ተናገሪም አላለቻትም። ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ታጠፈች፤ ጥድፊያ ሳቂታን ያለ ሳቅ ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለአባቷ ነገረችው። በረንዳው ላይ የተሰበረ ሳጥን እየጠገነ ነበር። መዶሻውን አስቀመጠ። የሚቆጣ መስሏት ነበር፤ አልተቆጣም። መጀመሪያ የጠየቃት ሌላ ማን ያውቃል ብሎ ነው። ሳቂታ ብቻ አለችው።

«እንግዲያው ዝም በይ» አለ።

«አባዬ፣ እማማ እኮ አሥር ሳጥን ነው የደፉት።»

«እኛም ስድስት ጥለናል። ስሚኝ። ሰሌዳውን ሰው የሚያምነው አንቺን ስለሚያምን ነው። አንዴ ዋሽቻለሁ ካልሽ፣ ነገ እውነቱን ብትጽፊስ ማን ይሰማሻል? ደላላው ተመልሶ አሥራ ሁለት ይላል፤ እኛም ተመልሰን እሺ እንላለን። ልብሽን ለማቅለል ብለሽ ሁላችንንም ዳፋው ውስጥ ልትከቺን ነው?»

 ከሁሉ የከፋው፣ የተናገረው ልክ ሊሆን መቻሉ ነው። ቲማቲሞቹን ወጥ ቤት አስቀመጠቻቸው፤ እራት ላይ ግን አንድም አልቀመሰችም።

ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜያት አላልቅ አሉ። ሳቂታ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። ጥድፊያ ስለራሷ ሳይሆን ስለዚያ ዓርብ ጭብጨባ ታስብ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ያስጨበጨበችው እሷ ናት፤ ፒካፑን ባዶውን የመለሰችው እሷ ናት፤ ቲማቲሙን ያስደፋችውም እሷው ናት። ደላላው ፒካፕና ብዙ ብር አለው። እሷ ያላት ጠመኔ ብቻ ነው። ነገር ግን ስልኩ ከሞተ ወዲህ የሁለቱ ሥራ ተመሳስሏል። ሌላው ሰው የማያየውን ሁለቱ ያያሉ፤ የፈለጉትንም ይናገራሉ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ሹፌሩ ብጣሹን ወረቀት ሰጣት። አሥራ ስምንት ይላል። መንገዱን ስትሻገር ሰው ገና አልተሰበሰበም፤ ጎሚስታው ብቻ የጭነት መኪና ጎማ እየነፋ ነበር። ሰሌዳውን ጠረገችና ዋጋውን በትልቁ ጻፈች። ከዚያ ከሥሩ ቀጠለች፦

«የዓርቡ ዋጋ ከከተማ የመጣ አልነበረም። ከራሴ የጻፍኩት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱ እዚሁ ይለጠፋል። ወረቀት በሌለ ቀን ዋጋ የለም።»

ጎሚስታው የአየር መጭመቂያውን አጥፍቶ መጣና ፊደል በፊደል አነበበው። እጁን በጨርቅ ጠረገ። 

«ማንም ሳያየው ላጥፋልሽ?» አላት።

«አይ ጋሼ፣ ተወው። ማጣበቂያ ብቻ ስጠኝ።»

የጎማ ማጣበቂያውን አምጥቶ የአክስቷን ወረቀት ከዋጋው ጎን ለጠፈላት፤ እንዳይገነጠልም አራቱን ጠርዝ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሰው መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንብበው ተያዩ። አንዱ ጥድፊያን ቀና ብሎ አይቶ ሳጥኑን ወደ ጥላው ጎተተ፤ ሌላው የተለጠፈውን ወረቀት ተጠግቶ ሲመረምር ቆየ። ማዶ ደወሉ ተደወለ። ተማሪው በአጥሩ በር እየተጋፋ ይገባል። እሷም እንደ ሌላው ቀን መሮጥ ትችል ነበር፤ መጻፍ ያለባትን ጽፋለች።

እማማ ሁለት ሳጥን በሰው ጋሪ አስጭነው ደረሱ። ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ እሷን።

«ዛሬ ብዙ ጽፈሻል» አሏት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ እስቲ ምን ይላል ልጄ?»

ጥድፊያ ጠመኔውን የጎሚስታው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እማማ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ከላይኛው ቁጥር ሳይሆን ከታችኛው መስመር ጀምራ ማንበብ ጀመረች።