የጉድጓዱ ሦስት አፎች

ሬሳው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። ኢንስፔክተር በላይነሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ከአንገቱ እስከ ጣቶቹ ጫፍ አየችው፤ የጥይት ምልክት የለም፣ የስለት የለም፣ የገመድም የለም። መሐንዲስ ይርጋ ሥራ ውሎ ደክሞት ጋደም ያለ ሰው ይመስላል። በዚያ ዓመት ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ምንም ሳይነካው የሞተ ወጣት ግን አላየችምና ጋቢውን ስትመልስ እጇ ዘገየ።

ታጣቂዎቹ መርሳን ለቀው የወጡበት የታኅሣሥ ሰሞን ነው። ስልክ ስላልነበረ ጥሪው ወልድያ የደረሰው በአንድ የአይሱዙ ሾፌር አፍ ነበር። «ቶሎ ካልደረሳችሁ ሕዝቡ ፎርማኑን ይገድለዋል» አለ ሾፌሩ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ። እሷም እዚያው መኪና ላይ ወጣች። ሲሪንቃን አልፈው መርሳ እስኪገቡ ድረስ፣ የመንገዱን ዳር የተቃጠሉ መኪኖች እያየች፣ ከክረምት ወዲህ ደብዛው የጠፋውን ታናሽ ወንድሟን ስታስብ ነበር። እናታቸው እስከ ዛሬ ራቱን ከድነው ያስቀምጡለታል።

ቦታው ከመርሳ ከተማ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አዲስ የማኅበር ቤቶች ሠፈር ነው። ሠፈሩ ረባዳ ላይ በመሆኑ ፍሳሹ በራሱ ወደ ዋናው መስመር ሊወጣ አይችልም፤ ፍሳሽ ደግሞ ዳገት አይወድም። ስለዚህ ይርጋ ፍሳሹ ተጠራቅሞ በፓምፕ ወደ ላይ የሚገፋበትን ጣቢያ ነደፈ። ጥልቁ የሲሚንቶ ጉድጓድ አለቀ፣ የብረት ክዳኑም ተገጠመ፤ ፓምፖቹን ግን ጦርነቱ ቀደማቸው። ይርጋ የሞተው ራሱ በነደፈው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ፎርማኑ ሰለሞን በሳይቱ ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎበታል። ደጁን ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበውታል።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» ብሎ ጮኸ ከመካከላቸው አንዱ። «አየር መግቢያውን በጡብ ደፍኖ ገደለው እኮ!»

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች በላይነሽ። «ዱላችሁን አስቀምጡና ጥላ ፈልጉ። ሰው ለመግደል የምትቸኩሉ ከሆነ ሰሞኑን ሲገደል የሰነበተው ይብቃችሁ።»

ወጣቱ አፈረ። ዱላውን ግን አልጣለውም። በላይነሽም ፀሐይ ሳትጠልቅ እውነቱን ካላገኘች ሰለሞንን ከነነፍሱ ይዛ እንደማትወጣ ተረዳች።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ሰለሞን ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ፍሳሹ የሚገባበትን ትልቁን ቧንቧ የደፈንከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አልክድም። ግን የደፈንኩት በክረምቱ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም» አለ። «ሥራው ለክረምቱ ሊቆም ሲል ራሱ ይርጋ ነው ያዘዘኝ፤ ጎርፍ ደለል ይዞ እንዳይገባ። ማን ያምነኛል? ያዘዘኝ ሰው ሞቷል።»

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በዚያች ቀጭን ቧንቧ ነዋ! ከጉድጓዱ ክዳን አጠገብ የቆመችው። እሱ ከቤት ጣሪያ በላይ ካልወጣች ይላል። እኔ ደግሞ ሌላው ሥራ ይቅደም እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እቀልድበት ነበር። የታችኛውን ቁራጭ ተክለን ሳንቀጥልላት ጦርነቱ ደረሰ፤ ይኸው እስከ ደረት ብቻ ቀረች።»

«ሊዲያስ?»

ሰለሞን አቀረቀረ። ሊዲያ የይርጋ እጮኛ ናት። «ከሱ በፊት የጠየቅኋት እኔ ነበርኩ። እሱን መርጣለች። ይኼን የማያውቅ የመርሳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ገዳይ እኔ ነኝ።»

በላይነሽ ወጥታ ወደ ጉድጓዱ ስትጠጋ፣ የሳይቱ ጥበቃ ጋሼ አብዱልሐሊም በክንዳቸው ከለከሏት። ከዘበኝነቱ በፊት ዕድሜያቸውን በእርሻ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው።

«ቆይ ልጄ፤ እህል ያደረበት ጉድጓድ ነው። ሳይናፈስ አይወረድም።» አገዳ ለኩሰው በገመድ አወረዱት። እሳቱ ታች ደርሶ ሳይጠፋ ሲቀር፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ውረጂ» አሉ።

«እህል ምን ይሠራል እዚህ?»

«የሸዋዬ ማሽላ ነው፣ የይርጋ እናት። እንዳይዘረፍባት ገና በቅጡ ሳይደርቅ አስቀመጥንላት። ኋላ ታጣቂዎቹ ወጣት እየፈለጉ ቤት ለቤት ሲገቡ ልጇንም እዚያው አወረድነው። ‹ይርጋ፣ እህልና ሰው ባንድ ጉድጓድ አይታፈንም› ብዬው ነበር። ‹ጋሼ፣ ይኼኛው ጉድጓድ ይተነፍሳል፤ አይስጉ› አለኝ። ክዳኑን ገጠምኩና አፈርና አገዳ አለበስኩት። ወላሂ፣ ልሸሽገው ብዬ ነው!»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ መጥተው እዚሁ ሠፈሩበት። እኔን ጭነት አሸክመው ወደ ግራና ከተማ ወሰዱኝ። አምልጬ ስመለስ እነሱ ወጥተዋል፤ ከሸዋዬ ጋር ከፈትነው። ያረቢ፣ ምነው ባልከፈትነው!»

በላይነሽ ወረደች። የማሽላ ጆንያዎች፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የብርድ ልብስ። ከብርድ ልብሱ አጠገብ ከባድ የብረት መፍቻ ወድቋል። ቀጭኗ ቧንቧ ከጣሪያው ዘልቃ ወደ ታች የወረደችበትን ጫፍ በእጇ ዳሰሰች፤ ብረቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። አንድ ጊዜ በመፍቻው ቢመታት ኖሮ ድምፁ ሳይቱን ያዳርሰው ነበር። ለምን አልመታትም? ጥያቄውን ይዛ ወጣች።

ቀጥላ ትልቁ ቧንቧ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበትን ቦይ በውጭ በኩል አስቆፈረች። በጡቡ ፊት ላይ ደለል ተለጥፎ ደርቋል፤ በደለሉ ላይ የበቀለው ሣርም ቢጫ ሆኗል። ትንሽ ስታየው ቆየችና አፈሩን ከእጇ አራገፈች።

ሊዲያ ጥላው ሥር ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«ስለ ሥራው ያጫውትሽ ነበር?»

«ሌላ ወሬ ነበረው እንዴ?» ልትስቅ ሞከረችና አልሆነላትም። «በሰርጋችን ዕለት እንኳ ስለዚህ ጉድጓድ ሳያወራ እንደማይውል እናውቅ ነበር። ‹የተጠራቀመ ፍሳሽ መርዝ ይተነፍሳል፤ ወርዶ የሚያጸዳው ሠራተኛ የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለው› ይል ነበር። ያቺን ቧንቧ የነደፋት ለዚያ ለማያውቀው ሰው ነው።»

«ሲወርድ ጤነኛ ነበር?»

«ጉንፋን ነበረበት። ያስለው ነበር።»

በላይነሽ ወደ ቧንቧዋ ተመለሰች። አፏ ላይ ደረቅ ጭቃ አለ፤ ሰው ሁሉ የግንባታ ቆሻሻ መስሎት አልፎታል። ጭቃው ግን ጭድ አለበት፣ እበትም ተቀላቅሎበታል፤ ጎተራ የሚመረግበት ዓይነት ነው፣ በመዳፍም ተስተካክሏል። በጥፍሯ ጠርዙን ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ ብቅ ያለውን የጨርቅ ጫፍ አየችና አካባቢዋን ቃኝታ በአውራ ጣቷ መልሳ ሸፈነችው።

እማማ ሸዋዬ ከልጃቸው ሬሳ ራስጌ ተቀምጠዋል። ሠፈሩ የተቆረሰው ከባላቸው እርሻ ነው፤ ቤታቸው አሁንም ከአጥሩ ማዶ ይታያል። ወገባቸውን በሲባጎ አስረዋል።

«እማማ፣ ታጣቂዎቹ እዚህ ሳሉ እርስዎ ይመጡ ነበር?»

«እንዴት ልቅር፣ የኔ እናት? ጭቃ አቡክቼ፣ ‹ጎተራ ልመርግ ነው› እያልኩ እጠጋለሁ። ሰበብ ነው እንጂ ጎተራዬንማ ሰብረውታል። እነሱ እሳት አንድደው ይጫወታሉ፤ ልጄ ከሥራቸው ያስላል።»

«ታጣቂዎቹ ሳሉን ሰሙት?»

«እግዜር ሰወረልኝ፤ አልሰሙትም። ኋላ ከዚህ አባረሩኝ፤ ዘመድ ቤት ሰነበትኩ።» ወደ ኮንቴይነሩ አመለከቱ። «እኔ እኮ ልጄ በዚያ በሰፊው ቧንቧ ይተነፍሳል ብዬ ነበር ተማምኜ የሄድኩት። ለካ ደፍኖት ኖሯል!»

«ቀጭኗስ ቧንቧ፣ እማማ?»

«እሷማ የሽታ ናት። ሽታው ገና የት አለና?»

በላይነሽ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን አስተካከለች።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሁሉንም በጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበች። ሰለሞንን አስመጥታ ከጎኗ አቆመችው። ዱላዎቹ ቀና ቀና አሉ።

«ይርጋን ማንም አልመታውም። አየር አጥቶ ነው የሞተው» አለች። «ይህ ጉድጓድ ሦስት አፎች አሉት። አንደኛው ክዳኑ ነው። እሱን ጋሼ አብዱልሐሊም ዘጉት፤ ሊሸሽጉት ብለው፣ በራሱ በይርጋ ፈቃድ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ።

«ሁለተኛው ትልቁ ቧንቧ ነው። እሱን ሰለሞን ደፈነው። መቼ? ኑና ደለሉን እዩት። ጎርፉ ያመጣው ደለል ከጡቡ ውጭ ቀርቷል፣ ሣርም አብቅሎ ደርቋል። ጡቡ ይርጋ ሲደበቅ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ተሠርቶ ቢሆን ደለሉ ከጡቡ ጀርባ፣ ከውስጥ ይገኝ ነበር። ስለዚህ የተደፈነው ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ ያኔ ተደብቆ የሚገባ ሰው ቀርቶ ጦርነቱም መርሳ አልደረሰም። ሥራው የይርጋ ነው፤ አፉ መደፈኑን ያውቃል። እያወቀ ለምን ወረደ?»

እጇን ወደ ቀጭኗ ቧንቧ ዘረጋች።

«በሦስተኛው ተማምኖ ነዋ። በቀጭኗ ቧንቧ። እርጥብ ማሽላ አየር ይጨርሳል፤ እሱም ይኼን አይስተውም። እሷ ክፍት እስከሆነች ድረስ ግን ጉድጓዱ ይተነፍሳል። ሰለሞን ገዳይ አይደለም። ይርጋ ከወረደ በኋላ የተዘጋችው ያቺ ቧንቧ ናት።»

ሰዉ አጉረመረመ። «ማነው የዘጋት?» አለ ባለዱላው ወጣት።

በላይነሽ መልሱን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። «ታጣቂዎቹ ናቸው» ትላለች፤ ሄደዋል፣ ማንም አይጠይቃቸውም፣ ማንም አያስተባብልላትም። በሥራ ዘመኗ ሐሰት ተናግራ አታውቅም። ለዛሬ ግን የገዛ እናቷ የተከደነ ራት ፊቷ ላይ ድቅን አለና አፏን ከፈተች።

ከእሷ ቀድመው እማማ ሸዋዬ ተነሡ። ቧንቧዋን አዩ፤ እጃቸው ቀስ ብሎ ወገባቸው ላይ፣ ሲባጎው ላይ አረፈ።

«ሳሉ በሷ በኩል ነበር የሚወጣው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «አንዱ ጆሮውን አቀና። ደነገጥኩ። መቀነቴን ፈትቼ ጎሰጎስኩባትና በጭቃው መረግኋት።» ወደ በላይነሽ ዞሩ። «የሽታ ናት ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ። የሽታ አይደለችም እንዴ?»

ሊዲያ ሮጣ አቀፈቻቸው፤ ባለዱላው ወጣት ዱላውን መሬት አስቀምጦ አለቀሰ።

«አንኳክቶ ነበር?» አሉ እማማ ሸዋዬ በመጨረሻ። «እውነቱን ንገሪኝ። ‹ክፈቱልኝ› ብሎ ነበር?»

በላይነሽ መፍቻውን አሰበች። አንድ ምት ታጣቂዎቹን ታመጣ ነበር፤ መጀመሪያ የሚይዙት ደግሞ ጭቃ በእጇ ያለችውን ሴት ነው። ይርጋ ይህን አስቦ ይሁን ወይስ ሳያውቀው ደክሞ፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

«አላንኳኳም፣ እማማ። እንዲህ ያለ አየር አስቀድሞ የሚያመጣው እንቅልፍ ነው። ተኝቶ ነው የሄደው።» ይህን ያህሉ እውነት ነበር።

ሰለሞን ከበላይነሽ ጎን ወጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። እማማ ሸዋዬ ጎንበስ ብለው በተሰነጠቀው ከንፈሩ ላይ ያለውን ደም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አንተን ላስገድል ነበር» አሉት። «ይኼን ጉድጓድ አትድፈኑት፤ የልጄ ሥራ ነው። ቧንቧዋን ግን እሱ እንደ ሣላት አድርገህ ቀጥላት። ከጣሪያ በላይ ትውጣ፤ የማንም እናት እጅ እማይደርስባት።»